ሳንግሪያ ለአንድ ሰው

ማታ በሆቴሉ በጆግ ነው የምቀዳው፣
ለስድስት፣ ለስምንት፣ ከብቦ ለሚያወጋው፤
እጄ ብዙ ለምዷል፣ የአንድ ሰው አያውቅም፤
ዛሬ ግን ክፍሌ ውስጥ እንግዳ አልጠብቅም።

ማናማ፣ ጉደይቢያ፤ ከሌሊቱ ስምንት አልፏል፤
የኤሲው ጠብታ ባልዲውን ሞልቷል።

ቀመሩ ለስድስት ነው፤ አካፈልሁት በጣቴ፤
ወይኑን በሻይ ብርጭቆ ለካሁት በግምቴ፤
ስኳሩ ቁንጥር ሆነ፣ ብራንዲው አንድ ክዳን፣
ስስ ስስ ተቆርጦ ግማሽ ብርቱካን።
ቀረፋ ግን እንጨት ነው፣ ለስድስት አይሰበር፤
ሙሉውን ጨመርሁት፤ ይምረር ካለም ይምረር።

«ማደር አለበት» ይላል የጎዋው ባርማን፣ ሎይድ፤
ለእንግዳ ይደር፤
የኔ ሌሊት አጭር ነው፣ ሊነጋ ነው፣ ሊሄድ።
ስም በተጻፈበት በየሰዉ ወተት መሐል፣ ፍሪጁ ውስጥ፣
ሩብ ሰዓት ጠበቅሁት፣ ከፊቱ ቁጢጥ።

አስካል ተኝታለች፤ አላት የማለዳ ፈረቃ፤
በረዶውን በመዳፌ አፈንሁት፣ እንዳትነቃ።

ጠጣሁት።
መረረኝ ትንሽ፤ ቅዝቃዜው ጠዘጠዘው ጥርሴን፤
ማንም «ድገሚ» አላለኝ፤ አጠብሁ ብርጭቆዬን።
የቀረውን ግማሽ ብርቱካን በሳህን ከደንሁት፣
ከአስካል የሥራ ጫማ አጠገብ አኖርሁት።
ስም አልጻፍሁበትም።