የፍሬን ሽታ የጠፋ ሰሞን

ሃያ ዓመት ሙሉ ደጀን አፋፍ ቆሜ፣
በተቃጠለ ሸራ፣ በናፍጣ ታምሜ፣
ፍሬን ስቀይር፣ ጎማ ስለጥፍ፣
ተሳቢ ሲመጣ፣ ተሳቢ ሲያልፍ፣
አባይ ድምፅ እንዳለው አልሰማሁም ነበር፤
ወንዝ ለኔ ማለት ቁልቁለት ነው፣ ሥራ ነው፣ የአስፋልት ሰንበር።

ያ በሽታ መጣ በመጋቢት ማለቂያ፣
ኬላው ላይ ቆመ ሙቀት መለኪያ።
መናኸሪያው ተዘጋ፣ ገመዱ ተሳበ፣
ሹፌር በየቤቱ ዕዳውን አሰበ።
መሪጌታ ሽታሁን ባምስት ሰው ተቀበሩ፤
ለቅሶው እንኳ በሩቅ ሆነ፣ ሰዎች ሰውን ፈሩ።
እኔም ክሪኬ ላይ ቁጭ ብዬ ከረምሁ፤
ሰኔ ጎርፍ ሲያመጣ፣ አንድ ነገር ሰማሁ።
ወፍጮ መሰለኝ። ግን ወፍጮው ተዘግቷል፤
ለካስ ከገደሉ ሥር አባይ ይናገራል።
ምን እንዳለ እንጃ። ሲጀመር ያልነበርሁበት
የረጅም ዘመን ወሬ ነው፣ ገደል የሚያዳምጥበት።

ዝንጀሮ ከነልጇ ነጩ መስመር ላይ
ቅማል ስትለቅም ቀኑን ሙሉ ሳይ፣
ማዶ ጎሐ ጽዮን፣ ጢሱ ሲገፈፍ፣
የቤቱ ቆርቆሮ ሲታየኝ ካፋፍ አፋፍ፣
«እፎይ አለች» አልሁኝ፣ «ምድር ከኛ አርፋ፣
ጥፋታችን ታሞ እሷ ልትፋፋ።»

ይህን ባልሁ ሌሊት ሌላ ድምፅ መጣ፤
ቋ! ቋ! የሚል ምሳር ከቁልቁለቱ ወጣ።
ይርሳው ነው፣ ረዳቱ፣ የጎረቤቴ ልጅ፣
ደመወዙ ቆሞ፣ አምስት አፍ ከደጅ፤
ወይራውን፣ ግራሩን ቁልቁል እየጣለ፣
አፈር እያለበሰ ከሰል አከሰለ።
ተው ማለት አቅቶኝ፣ ዝም ማለት አቅቶኝ፣
ግማሽ ጆንያ ገዛሁ። ክረምቱን አሞቀኝ።

ገመዱ ተፈታ፣ ኬላውም ተነሣ፣
የከረመው ጭነት ባንድ ጀምበር አገሣ።
ለዝንጀሮዋ ግን አልነገራት ማንም፤
ነጩ መስመር ላይ ናት፤ ቅማል አትለቅም።
ሹፌሩ ረግጧል፤ ሸራው ግን አልቋል፤
ክረምቱን ሙሉ ቆሞ፣ ማን ፍሬን ይሠራል?

ምድርን አልማርናትም። ታመን ነው የተኛን፤
ትኩሳቱ ሲለቀን እጃችንን አገኘን።

አሁንም አንዳንዴ፣ በሁለት መኪና መሐል፣
ጆሮዬን ስጥል ቁልቁል፣ የሆነ ነገር ይላል።
«ወፍጮ ነው» ይለኛል ይርሳው እየሣቀ፤
መልስ ሳልሰጠው፣ ሌላ ተሳቢ መጣ፣ ፍሬኑ የሞቀ።