የሚሸጥ ቤት፣ ሆጤ

ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ሆጤን ሲያለብሳት፣
አረቡ ይደውላል፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት።
እዚያ ገና ቀን ነው፣ ከሥራ ይወጣል፣
የደብሊን ዝናብ በስልኩ እኔ ዘንድ ይሰማል።
«ቤት አየሁ» ይለኛል፣ «ሁለት መኝታ ያለው፣
ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ ግን ደጁ ዛፍ አለው።
ባንክ ሄጄ ጠየቅሁ፤ ልጅቷ ፈገግ አለች፣
ፓስፖርቴን ገለጠች፣ ቪዛዬን ቆጠረች፤
‹ዕዳው ሠላሳ ዓመት፣ ፈቃድህ ዐሥራ አንድ ወር፣
ሌላውን የት ሆነህ ልትከፍል ነበር?›
ደግሞ አለሳልሳ፣ ‹ቅድሚያው ከፍ ቢል ግን፣
እናየው ይሆናል…›»
ዝም አለ አረቡ። ዝምታው ገባኝ፣
የሆጤውን ቤት ነው ሽጪ የሚለኝ።

እኔ ራጅ አንሺ ነኝ፣ ደሴ ሆስፒታል፣
የሰው አጥንት ስንጥቅ ዓይኔ ይለየዋል፤
ክር የምታህል መስመር ከጭን አጥንት ላይ
ሐኪሙ ሳይነግረኝ ቀድሜ የማይ።
ለቤት ግን ራጅ የለም።
ከመኝታ ቤቱ ጥግ፣ ከመስኮቱ ሥር፣
አምና ክረምት ወጣች እንደ ደም ሥር።
በእርሳስ፣ ጫፏ ላይ፣ ቀን እየጻፍኩባት፣
ሰኔ ዐሥራ ሁለት፣ ሐምሌ ሃያ ስድስት፤
ነሐሴ ጥፍሬ ገባ፣ መስከረም ላይ ሳንቲም፤
የወደቀው ሳንቲም እስከ ዛሬ አልወጣም።

መጣ መሐንዲሱ፣ ከማዘጋጃ ቤት፣
ስስ መስታወት ለጥፎ በጀሶ አሻገራት፤
«ይቺ ከተሰበረች ምድሩ ሄዷል ማለት፤
ካልተሰበረች ደግሞ፣
ኑሩ እንግዲህ፣ በዱዓም በጸሎት።»

ስለዚህ ጧት ጧት ፊቴን ሳልታጠብ
መስታወቴን አያለሁ፣ መልኬን ሳላስብ።
እሱም እዚያ ማዶ፣ ከመንጋቱ ገና፣
ኢሜይሉን ይከፍታል፤ የአለቃው ፊርማ አልመጣምና
እንደገና ይተኛል።

እዚህ መሬቱ የኔ፣ ካርታው በስሜ ነው፣
አልረጋ ያለኝ ግን ከሥር አፈሩ ነው።
እዚያ ምድሩ ዐለት፣ ቤቱ መቶ ዓመት የቆመ፣
የማልረጋው እኔ፣ ቀኔ የታተመ።
የቱ ይሻላል? አልኩት ሌሊት ለጣሪያው፤
ዝናብ ብቻ መለሰ፣ ቆርቆሮውን ሲመታው።

ከዚያ ሉባባ መጣች።
ዐሥራ አራት ዓመት ጅዳ፣ የሰው ወለል ወልውላ፣
ኢቃማዋ ባለቀ ቁጥር ከመጋረጃ ኋላ ውላ።
ደላላው ከፊት ፊት፣ እሷ ዝግ ብላ
ግቢውን ዞረችው፤ «ኮኩ ያፈራል?» አለች።
«ያፈራል» አልኳት።
«ከእንግዲህ ወረቀት አልፈልግም፣ በቃኝ፤
አንድ ግድግዳ ነው፣ ‹ውጪ› የማይለኝ፣
እሱን ነው የምሻው።»

ቁም ሳጥኑ ከትናንት ከስንጥቁ ፊት ቆሟል፣
ያቆምኩት እኔ ነኝ፣ ደላላው ያውቃል፤
ጠቀሰኝ። የአረቡ ቤት፣ ደጁ ያለው ዛፍ፣
የባንኳ ልጅ ፈገግታ፣ መጣ ሲሰለፍ።
የሷንም እጅ አየሁ፣ በረኪና የላጠው፣
ዐሥራ አራት ዓመቱን በቦርሳ የያዘው።

ቁም ሳጥኑን ገፋሁት። ጮኸ በወለሉ።
ደላላው ተነፈሰ፣ ሄደለት ድርሻው ሁሉ።
ሉባባ ጎንበስ አለች፣ ቀኖቹን አነበበች፣
ሰኔ፣ ሐምሌ… መስታወቷን በጣቷ ነካች።
«አልተሰበረችም?»
«እስካሁን።»
«በዓመት ስንት ጣት?»
«አምና አንድ ጣት ነበር፤ ዘንድሮ ገና ነው ክረምት።»
ቀና ብላ አሰበች። ነጠላዋን አጣፋች።
«ከኢቃማስ ይሻላል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።
ዋጋው ግን ይቀነስ። ይሄንን ማን ሊከፍለው?»
ነገ እመለሳለሁ ብላ ወጣች።

ማታ በሦስት ሰዓት ስልኬ ተንቀጠቀጠ።
ምን ልበለው? ሸጥሁት? ወይስ አልሸጥሁትም?
እሱስ? ፈረሙለት? ወይስ አልፈረሙም?
ሁለቴ ጠራና ቆመ።
ሦስተኛው ሳይጀምር፣ የስልኩን መብራት ይዤ፣
በባዶ እግሬ፣ በቀዝቃዛው ወለል፣
መጀመሪያ እሷን ልይ ብዬ
ወደ መስታወቷ ሄድኩ።