ሴት

በኮርንዎል ጠረፍ፣ ባሕር ዓለቱን ሲልስ፣
አንድ የመዝገበ ቃላት ሰው መጣ፣ በእግሩ፣ በዝናብ ሲርስ።
አምብሮዝ ፊንች ይሉታል፤ መነጽሩ ጉም የለበሰ፣
ኪሱ በቁራጭ ወረቀት ያበጠ፣ ጃንጥላው ክንፉ የፈረሰ።

የመጣው ለአንዲት ቃል ነው፤ ሦስት ፊደል፣ የጠጠር ያህል ትንሽ፣
በዚህ በኩል ያዝኳት ሲሉ በሌላ በር የምትሸሽ።
“ሴት” ትባላለች።
(እኔን ሳቅ ያዘኝ፤ በአገሬ አፍ ይህች ድምፅ ስትጠራ፣
ቀና ብላ የምታይ አለች። ፊንች ግን ስለ ቃል ብቻ ነው የሚያወራ።)

መቶ ሰባ ሦስት ፍቺ ሰብስቧል፣ ሰባት ዓመት ፈጅቶበት፤
አለቆቹ “በቃ!” ብለዋል፤ እሱን ግን እንቅልፍ ነሳው፣ አንድ የጎደለ መስሎበት።

ሎዌና ትሬጊር አከራየችው፣ ከጣሪያ ሥር ያለች ክፍል፤
መረብ ጠጋኝ ናት፤ ቃሏ እንደ ቋጠሮ ጥብቅ፣ እንደ መርፌ ስል።
ማታ በፋኖስ ብርሃን፣ ዶሴውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣
ያነብላት ጀመር እየሳቀ፣ የመንገዱን ድካም ረስቶ፦
“ፀሐይ ስትጠልቅ ሴት ነው፤ ሰዓት መሙላት ሴት፤
የቴኒስ ጨዋታ፣ የቲያትር መድረክ…”
“ዶሮዬስ?” አለችው ድንገት።

“ዶሮ?”
“እንቁላል የታቀፈችው፣ ከምድጃው አጠገብ ያለችው።
እሷም ሴት ናት፤ ጻፋት።” ጻፈ። ቀለሙ ሳይደርቅ አቋረጠችው፦
(ዶሮዋ ላይስ በኔም ቋንቋ እንስማማለን።)
“የሽንኩርት ችግኝስ፣ ውርጩ ሲለቅ በእፍኝ የምንተክለው?
ማርማላታው ረግቶ፣ ማንኪያ ቀጥ ብሎ ሲቆምበትስ፣ ምን ልንለው?
የተሰበረች ክንድ፣ ወጌሻው አሽቶ ከቦታዋ የመለሳት?
ወጥመድስ? ጥንቸሏን የካሮት ሽታ ያሳሳት?”

ይህ ሁሉ ሴት ነው ለእሷ፤ አንድ ድምፅ፣ አንድ እስትንፋስ።
እኔ ስጽፈው ግን ይኸው፣ በእጄ ላይ ሲፈራርስ፦
ይጠልቃል፣ ይረጋል፣ ይታቀፋል፣ ይጠመዳል፣ ይመለሳል፤
እሷ በአንድ ክር የቋጠረችውን፣ የኔ ምላስ ይበጣጥሳል።

ከመደርደሪያው አወረደች የሻይ ስኒዎች፣ ሰማያዊ አበባ ያለባቸው፤
“ይህም ሴት ይባላል። ስድስት ነበሩ፤ አምስት ናቸው።”
“አንዱ ሲጎድልስ?” አለ ፊንች፣ ብዕሩን እየነከረ፤
“ሲጎድልማ… ስሙ ያው ነው፣ እንደነበረ።”

ዝናቡ ጣሪያውን ቆረቆረ። ዶሮዋ ክንፏን አስተካከለች።
ፊንች የሚዘጋ መስሎት ነበር፤ እሷ ግን ቀጠለች፦
“ያ የውኃ ጉተታ፣ ከላይ ፀጥ ያለ፣ ከሥር ግን ጀልባ የሚነዳው፣
ያም ሴት ነው። የዚህ ወደብ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።
ጃጎም ያውቀው ነበር። ማወቁ ምን ረዳው።”

ብዕሩ ቆመ። ይህን ፍቺ ሰባት ዓመት ሲፈልገው ነበር፤
ሲያገኘው ግን እጁ ከበደ፤ ለመጻፍ ያፍር ጀመር።
“ጻፍ እንጂ” አለች። “ቃል ነው። ቃል ደግሞ ውኃ አይውጠው።”
መረቡን ወደ ጉልበቷ ሳበች፣ የባሰውን ቀዳዳ ልትመርጠው።

ጧት ሲወርድ ገበታው ተዘርግቷል፣ ለሁለት ሰው አይደለም፤
ሦስት ሳህን፣ ሦስት ማንኪያ። በቤቱ ግን ሦስተኛ የለም።
ፊንች ቆጠረ። አልጠየቀም። ገንፎውን በላ፣ ሂሳቡን ከፈለ።
ገበታ መዘርጋት፦ ቁጥር ሠላሳ አራት፣ ዶሴው ውስጥ ድሮ ተጽፎ የዋለ።
ለስንት ሰው እንደሆነ ግን አይልም።

አንድ ባዶ ወረቀት ከስኳሩ ዕቃ ሥር ረስቶ ሄደ።
ሎዌና ማታ አገኘችው፤ አገላበጠችው፤
እርሳስ ምላሷ ላይ ነክታ፣
“ማክሰኞ። ዘጠኝ እንቁላል” ብላ ጻፈችበት፣
ሃያ አንድ ቀን በጣቷ ቆጠረች፣
ከምድጃው በላይ ምስማር ላይ ሰካችው።