አርባ ሰባት ሰከንድ

ሥራዬ መስማት ነው፤ የሰሙትን መጻፍ፣
ሳሉን፣ ሲቃውን፣ አንድ ትንፋሽ ሳላልፍ።
ዱሉዝ፣ ሦስተኛ ፎቅ፤ ከመስኮቴ ማዶ
ሐይቁ ዳር ዳሩን ይለብሳል በረዶ።
የተመላሽ ወታደሮች የአእምሮ ጤና ጥናት፤
ፋይሉ ስም የለውም፣ ቁጥር ነው ያለበት።

መመሪያው ይላል፦
«ዝምታ ከሦስት ሰከንድ ካለፈ
ርዝመቱ ተለክቶ በቅንፍ ይጻፍ።»
ማን እንዳወጣው አላውቅም።

ቁጥር አርባ አንድ። ድምፁ እንደ ጠጠር፤
ማርሊስ ትጠይቃለች፣ እሱ በአጭር በአጭር።
ተኩሰው ያውቃሉ? አልተኮስኩም።
ተተኩሶብዎትስ? እኔ ላይ እንኳ አልተተኮሰም።
ጓደኛ ሲሞት አይተዋል? ሲሞት አላየሁም።
ዜሮ። ዜሮ። ዜሮ።
ድምሩ ትንሽ ነው፤
ሰውዬው ደህና ነው፣ በቁጥር ተሰፍሮ።

«ታዲያ ሥራዎ ምን ነበር?»
«መኪና አጥብ ነበር።
ከመንገድ የተመለሱትን። ውስጣቸውን።
ወንበሩን። ወለሉን።»

(ዝምታ፣ አርባ ሰባት ሰከንድ።)

ደግሜ ሰማሁት። ደግሜ፣ ደግሜ።
የማቀዝቀዣው ጉርምርምታ አለ፤
የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ጡሩንባ፣ ከሩቅ፤
የማርሊስ እስክሪብቶ፣ ቀጭ ቀጭ፤
ከሱም ጉሮሮ አንድ ነገር፣ ውሃ የሚመስል፣
ሊወጣ ብሎ የሚመለስ።

ዶክተር ሃልቮርሰን ክፉ ሴት አይደለችም።
«ሠንጠረዡ ዝምታ አይቀበልም፤ ባዶ ተዪው» አለችኝ
ሻይዋን ይዛ፣ በር ላይ ቆማ።
እሷም ደክሟታል። ገና ስልሳ ሰው ይቀራታል።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላል ያገሬ ሰው።
እውነት ነው፣ ዝንብ አይገባም።
ዝገት ግን ይገባል።

አንድ ማታ ስወጣ፣ መኪና ማቆሚያው ዳር፣
አሮጌ ፒካፕ አየሁ፤
ለበረዶ የተበተነ የአምስት ዓመት ጨው
ከጎማ እስከ ጣራ እንደ ለምጽ የወረሰው፤
አንድ ቀን እንኳ ውሃ ያልነካው።
እዚህ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ያጥባል፣
ብረቱን ጨው እንዳይበላው።
የባለቤቱን ስም ማወቅ ክልክል ነው፤ አላወቅኩም።
በሩን ሲዘጋ ግን ሳለ።
ያን ሳል አውቀዋለሁ፤
ሁለት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

በሚያዝያ ሁለተኛው ቅጂ መጣ።
ማርሊስ ለመግቢያ ያህል፣ ከቅጹ ውጭ፣
«መንገዱ እንዴት ነበር?» አለችው።
«ደህና። የመኪናዬ ወለል ተበስቷል፤
ስነዳ፣ በሁለት እግሬ መሃል
አስፋልቱ ሲሮጥ አያለሁ።»
ሳቀ። (ሳቅ ብዬ ጻፍኩ፤ ለሳቅ ርዝመት አይጠየቅም።)
«ሲዘንብ ውሃው ከታች ይገባል» አለ።

(ዝምታ፣ ስድስት ሰከንድ።)

«እኔ አላጥብም። እሱ ይጠበው።»