ጉም የሚይዝ ድንጋይ

ጠዋት ነው፤ ጦሳ ትንፋሹን ገና አልሰበሰበም፣
ከመንገዱ ማዶ ያለው የፋርማሲ ጽሑፍ አይነበብም።
ሚዛኔን ወልውዬ ገና ሳልቀመጥ
ሁለት ሰዎች ገቡ፣ ጫማቸው የረጠበ፣ ወሬያቸው የሚቋረጥ።

እብሬ ሹፌር ነው፣ ከጅቡቲ ኮምቦልቻ ተሳቢ ይጎትታል፤
ጦይባ የጨርቃ ጨርቅ ናት፣ የሌሊቱ ፈረቃ ዓይኗ ሥር ተኝቷል።
«ጋሼ ይማም፣ ለመህሯ ቀለበት ይሥሩልን» አለኝ፤
ከሶፍት ሲፈታው፣ ሽምብራ የሚያህል ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ።
እኔም ከካዝናዬ፣ የሰው አደራ ነው፣ ከምስር ያነሰ አልማዝ
አውጥቼ ጎን ለጎን አኖርኳቸው፣ ጥቁር ከፋይ ላይ፣ ሁለት የብርሃን መዘዝ።

የሱ ሞይሳናይት ነው። አምፖሉን ሲያይ ተንጨረጨረ፣
የሰኞ ገበያን ጥለት ሁሉ በአንድ ፊቱ ደረደረ።
አልማዙ ቁጥብ ነው፣ ሲጠሩት ብቻ አቤት የሚል፣
እንደ ሰርግ ሽማግሌ ቃሉን ቆጥሮ የሚከፍል።

«አልማዙ ስንት ነው?» ነገርኩት። ጣቱን አጠፈ፣ ዘረጋ፦
«ስድስት የተሳቢ ጎማ! የኔው አንድ ነው፣ ያውም በተለበጠ ዋጋ።»
ጦይባ ስልክ ጠርቷት ወደ ደጅ ብቅ ስትል
ጠጋ አለኝ፣ ድምፁን በከባድ ማርሽ ይዞ፣ ሐረጎን እንደሚወርድ ቀስ ሲል፦
«አልማዝ ነው ይበሏት። ማን ያውቃል?»

ማን ያውቃል።
አውቃታለሁ፣ ይቺን ቃል።

ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። አባቴ ሞቶ፣ ሱቁን የሦስት ወር ኪራይ ከብዶት፣
አንድ ገበሬ ከኩታበር መጣ፣ በሬውን የሸጠበትን በመሐረብ ቋጥሮት።
ከወሊድ ለተረፈች ሚስቱ፣ ለሽታዬ፣ «ይገባታል» ብሎ።
ብርጭቆ ሸጥኩለት በአልማዝ ስም፤ ሄደ፣ ምርቃቱን እንደ ቀብድ ጥሎ።

ጦይባ ተመለሰች። ሰምታ ይሆን? በሩ ስስ ነው።
ማጉያ መነጽሬን ሳትጠይቅ አነሳች፤ ልማዷ ጉድለት መፈለግ ነው፣
ፋብሪካም ሥራዋ ይሄው፣ የተዘለለ ክር ማደን።
«ይሄኛው» አለች ሞይሳናይቱን፣ «ጠርዙ ድርብ ነው፤ አንዱን መስመር ሁለት አድርጎ የሚያሳየን።»
«መለያው እሱ ነው» አልኳት፤ ሳላስበው አመለጠኝ።
እብሬ ጣሪያውን አየ። እሷ ዓይኗን ከመነጽሩ ሳታነሳ ጠየቀችኝ፦
«ይሄ የራሱ ስም የለውም? ለምን በሌላ ስም ይጠራል?»
«አለው።»
«እንግዲያው በስሙ ይጻፍ፤ መህር ምስክር ፊት ይነበባል።
የውሸት አልማዝ አላደርግም፣ የእውነት ሞይሳናይት አደርጋለሁ።
አንተም በተረፈው ጎማ ግዛ፤ ሐረጎ ላይ ፈንድቶብህ ከማለቅስ ሰው ቢስቅብኝ እመርጣለሁ።»

እብሬ አልሳቀም። «እናቴስ?» አለ። ቀብዱን ሲከፍል አልማዙን አየው፣
ነዳጅ ሊያልቅበት ሲል መርፌዋን እንደሚያየው።
ይጸጸት ይሆናል። እኔ የማውቀው የድንጋይ ጠባይ ነው፣ የባል አይደለም።
ሲወጡ በሁለቱም ላይ ተነፈስኩ፤ ወዲያው ጠሩ፣ ጉሙ አልቆየም።
ብርጭቆ ነው
ትንፋሽ ይዞ የሚቀረው።

ሰኞ ነው ዛሬ። እትዬ ሽታዬ ከኩታበር መኪና ወርደው
በሱቄ ፊት ያልፋሉ፣ ዘንቢላቸውን ክንዳቸው ላይ አንጠልጥለው።
ባላቸው ከሞተ ወዲህ ከጣታቸው አውልቀውት አያውቁም።
እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ያዝኩት። ለመልቀቅ አልቸኮልኩም።
ድንጋዩ ላይ ጉም ተኝቷል፤ ከነፒያሳው፣ ከነጦሳው፣ ጠቅላላ ደሴ፤
ሃያ ሰባት ዓመት ያዘጋጀሁት ቃል መጣ፣ እስከ ምላሴ።

በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። መልሶ ደፈረሰ።
«የደሴ ጉም» አሉኝ እየሳቁ፣ «አልማዙንም አልማረ።»

«እውነትዎን ነው» አልኩ።