ሁለት ዓምድ

ጎንደር፣ አዘዞ መንገድ ላይ፣ መብራት በመጣ ማታ፣
መጽሐፉን ደፋሁት በስካነሩ ገበታ።
ገጹ ሁለት ዓምድ ነው፤ በግራው ስለ ንብ፣
በቀኙ ስለ ውርስ፣ ስለ ሟች ገንዘብ።
መሐሉ ጣት የማይሞላ ነጭ፣ ዝም ያለ መንገድ፤
ማሽኑ ግን አላየውም፣ ተሻግሮት ነጎደ በአንድ።

ስንሻው ጆሮውን ጥሎ ያዳምጣል፤
ኮምፒውተሩ ያለ እፍረት ያነብባል፦
«ንግሥቲቱ ከቀፎ ስትወጣ ይድረሳት ሲሶ፣
ሰሙን የሚጋግሩት ወራሾች ናቸው፣ ካበቃ ለቅሶ።»

ሳቀ ስንሻው፣ ሳቀ፤ እኔ ግን ሃፍረት ያዘኝ።
«መሐሉ ላይ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ።
«ምንም የለም» አልኩት። «ምንም?» አለ፤
«እንግዲያ ማሽንሽ ምንምን ነው ማንበብ ያልቻለ።»

ጥቁር ካርቶን ቆረጥኩ፤ ቀኙን ከደንኩና
ግራውን አነሣሁ፤ ደግሞ ግራውን ጋረድኩና
ቀኙን። አንዱን ገጽ ሁለቴ። ሦስት መቶ ዐሥር ቅጠል።
ውጭ ባጃጁ ቆሞ፣ ዘበኛው ቁልፍ ሲያንቃጭል።

ንቡ ወደ ቀፎው፣ ሟቹም ወደ ድርሻው ገባ፤
ስንሻው በሩ ላይ ቆመ፣ ዘንጉን ይዞ፣ ፈራ ተባ፦
«ያችን የመጀመሪያዋን ገጽ አታጥፊብኝ፤
ንግሥቲቱ ሲሶ የደረሳት እዚያ ብቻ ነው» አለኝ።