ቀሪ

ስም እጠራለሁ።
ዘጠነኛ «መ» ክፍል፣ ሰኞ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ፤
ከውጭ የአዘዞ አቧራ፣ ከውስጥ የጠመኔ ትካዜ።
«አበባው?» «አቤት!»
«አትጠገብ?» «አቤት!»
«አዝመራው?»

ዐይኖች ሁሉ ወደ እኔ፤ የእሱ ዴስክ ወደ ግድግዳ።
በቀይ እስክሪብቶ «ቀ» ጻፍኩ፣ እንደማይገደው ባዳ።

ሂሳብ አስተማሪ ነኝ፤ «ቀሪ» ለእኔ ሌላ ነበረ፦
ለሁሉ ተካፍሎ ሲያበቃ፣ ማንም ሳይወስደው ያደረ።
ሰባ ሁለት ልጅ ለአንድ ክፍል፣ አንድ መጽሐፍ ለአራት፤
ከታች የተረፈችውን ቁጥር፣ ማን ዞር ብሎ አያት?

አዝመራው የደንቢያ ልጅ ነው። ቅዳሜ ይሄዳል ለስንቅ፤
እናቱ ትቋጥርለታለች፣ ሽሮና ድርቆሽ በጨርቅ።
ሰኞን በሌሊት ይነሣል፤ የመኪናውን ቆጥቦ፣ በእግሩ፣
ላብ አጥምቆት፣ ስንቁን አዝሎ፣ ሲደርስ ከአጥሩ
ሁለት ሰዓት ከአምስት ነው። ተዘግቷል በሩ።

ጋሽ ውበቱ ቁልፉን ይዞ «ትእዛዝ ነው ልጄ» ይለዋል፤
«ያረፈደ አይገባም» የሚል ወረቀት ከበላዩ ተለጥፏል።
ወረቀቱ ላይ ፊርማዎች አሉ።
አንዱ የእኔ ነው።

አንድ ሰኞ ተመለሰ። ሁለት ሰኞ ተመለሰ።
በሦስተኛው የመተማ አይሱዙ ከበሩ ፊት ደረሰ።
ደላላው ይጣራል፦ «አጨዳ! ሰሊጥ! ምሳ ከነእራቱ!»
የመኪናው ኋላ ክፍት ነው፤ አይዘጋም በሰዓቱ።
እንዲህ ሄደ አዝመራው፣ የሰው አዝመራ ሊያጭድ፣
ደብተሩን ለጓደኛው ትቶ፣ እንደሚመለስ ዘመድ።

ከኤርፖርቱ መንገድ በታች፣ አራት ሆነው የተከራዩት
ቆርቆሮ ክፍል ድረስ ሄድኩ። ደብተሩን ሰጡኝ፣ አየሁት።
የእኔ ትምህርት እስከ ዐሥረኛው ገጽ። ከዚያ በኋላ የራሱ ሂሳብ፦
ኪራይ አራት መቶ። ላምባ። ሳሙና። እስክሪብቶ።
ከእናቴ ሁለት መቶ።
ከሥሩ ሁለቴ አስምሮ፦ «ቀሪ»።
ቁጥር አልጻፈም።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ ስለ ልጆች ስንፍና አወሩ፤
«ዘመኑ ነው»፣ «ስልኩ ነው»፣ «ባጃጁ ነው» እያሉ ተማረሩ።
ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። «በሩስ?» አልኩ። «በሩ?»
የቀደሙት ሲተርቱ «ከመቅረት መዘግየት» አሉ፤
እኛ የዘገዩትን ነው፣ ቀሪ ያደረግናቸው በሙሉ።

ብዙ አላደረግንም። ወረቀቱን ላጥን። የሰኞ በር
እስከ ሦስት ሰዓት ይከፈት አልን፤
(ጋሽ ውበቱ ሳቀ ያን ቀን፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሲዞር።)
ከደመወዛችን አንድ ከረጢት ሽሮ፣ በመዝገብ ቤቱ ጥግ፣
ስም ሳይጻፍ የሚሰፈር፤
ሁለቴ የቀረ ልጅ ደግሞ ቤቱ ድረስ የሚፈለግ።

ለእንጉዳይ ግን ዘገየን። በጥር፣ ሦስት ቀን ስሟን ጠርቼ
ቤቷ ስደርስ የሠርግ ድንኳን። «ይግቡ፣ መምህር» አሉኝ።
ያረፈድኩት እኔ ነበርኩ።
በሩ ክፍት ነው፤ እግሮቼ እምቢ አሉኝ።

ዛሬም ሰኞ ነው። የካቲት። «አዝመራው?» ብዬ እጠራለሁ፤
ስሙን ከዝርዝሩ አልሰረዝኩም፣
እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ከፍ አድርጌ እቆያለሁ።
ይኼኔ ከውጭ የብረቱ በር ሲጥ አለ።
ማን እንደሆነ ገና አላየሁም።
«ቀ»ን አልጻፍኩም።